ፔዳል የሚረግጥ ሰው

«ሬሳ ነው እኮ፣ አዴ ሶረቲ። ፍሬን እንኳን የለውም። ቆራርጦ የሚወስድ ሰው መገኘቱ ራሱ አልሐምዱሊላህ ነው።»

ለጢፋ የልጇን ድምፅ የሰማችው ከመኪናዋ ስር በጀርባዋ ተንጋላ የኋላውን የፍሬን ቱቦ በጨርቅ ስትወለውል ነው። ኡመይር እንደ ቅዳሜ ልማዱ ዳቦና ስኳር ይዞ ከመንደራ ሰፈር መጥቶ ሁለቴ «እማ» ብሎ ተጣራ። እሷ በከንፈሯ ቡሎን ይዛ ስለነበር ወዲያው አልመለሰችለትም። ጎረቤት የሄደች መሰለውና ግቢው መሀል ቆሞ ስልኩን አወጣ። ከዚያ በኋላ ቡሎኑን አውጥታም መመለስ አልቻለችም። ከተኛችበት የሚታያት ጫማው ብቻ ነበር፤ ዘይት የጠጣውን አፈር እየሸሸ የሚረግጥ ነጭ ስኒከር። «ብረት ገዢው ሸኩር ከዐስር ሶላት በኋላ መቁረጫውን ይዞ ይመጣል» አለ ጫማው። «እርስዎ በጊዜ ይድረሱ፤ ወራሽ የተባለ ሁሉ መፈረም አለበት። እማ? ኤዬ፣ እማ ትፈርማለች። ለሷ መጨረሻ ላይ ነው የምነግራት። አሁን ከሰማች መኪናው ላይ ተኝታ አልነሳም ነው የምትለው፤ መሌ፣ ሌላ ምን ትላለች።» ብቻውን ሳቀ። ዳቦና ስኳሩን በረንዳው ላይ አስቀመጠና ትንሿን በር ገርበብ አድርጎ ሄደ።

ለጢፋ ቶሎ አልወጣችም። የሰማችውን ደግማ አሰበችው። የከፋት መሸጡ አልነበረም፤ ኡመይር መኪናዋ በቆመችበት ቦታ ላይ ለተማሪ የሚከራይ ሁለት ክፍል መሥራት እንደሚፈልግ ታውቃለች፣ ኪራዩም ለሷው መኖሪያ ነው። የከፋት «መጨረሻ ላይ» ያለው ነው። ሶረቲ ቀድማ አውቃለች። አጋሮ ያለችው ሶረቲ፣ ባሏ አብዱልሃዲ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በላይዋ ያገባት፣ ከቀብሩ ቀን በቀር በዓይኗ አይታት የማታውቃት ሴት፣ ስለ ለጢፋ ግቢ ከለጢፋ ቀድማ ሰምታለች።

መኪናዋ ሚሌቼንቶ ፊያት ናት፤ ሰማያዊ ቀለሟ ከፀሐይ ብዛት አመድ የመሰለ። አብዱልሃዲ በሷ ጅማና አጋሮ መሀል ቡና ነጋዴ እያመላለሰ ነው ጅማ ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ይህን ቤት ያቆመው። ከመሞቱ ሦስት ሳምንት በፊት ድንጋይ ላይ ሰቅሎ አራቱንም ጎማ አወለቀ። የኋላ ባሌስትራዋ፣ የሚሸከማት የተደራረበ ብረት፣ አንዱ ቅጠል ተሰብሯል፣ ንዝረት ማብረጃ ሾኮቹ አልቀዋል፣ የፍሬኑ ሸራ ብረቱ ላይ ደርሷል፤ ሁሉንም ሳላድስ መንገድ አላወጣትም አለ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ሱብሒ ሰግዶ ተመልሶ ጋደም እንዳለ ሳይነሳ ቀረ። ለጢፋ ዒዳዋን፣ ከቤቷ የማትወጣበትን አራት ወር ከአስር ቀን፣ ከዚህች መኪና ጋር አሳለፈችው። በመጀመሪያ ዙሪያዋን ትጠርግ ነበር። ከዚያ በወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ የተዋቸውን ቡሎኖች በላምባ አጠበች። ለቅሶ ደራሹ ሲሳሳ፣ ከሰዓት በኋላው ሲረዝም፣ የፍሬን ታምቡሮቹን፣ ክብ ብረቶቹን፣ አወረደችና ዝገታቸውን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች። ሠላሳ አንድ ዓመት መፍቻ ስታቀብል የኖረች ሴት የቱ ቡሎን የት እንደሚገባ እጇ ያውቃል። ዒዳው ሲያልቅ የተሰበረውን የባሌስትራ ቅጠል በባጃጅ ጭና ሂርማታ ገበያ አንጥረኛ ዘንድ ወስዳ አሠራች። መለዋወጫ ሻጩ ከኋላዋ ሰው እንዳለ ለማየት አንገቱን አስግጎ «መካኒኩ የታለ?» ሲላት «አንተ ደረሰኙን ጻፍ» አለችው።

ሾኮቹ ገብተዋል፣ አዲስ ሸራ ተመትቷል፣ ዘይት የሚይዙት የፍሬኑ ጎሚኒዎች ተቀይረዋል። የቀረው ዘይት ሞልቶ ከቱቦው አየር ማስወጣት ነው። አየር የቀረበት ፍሬን ሲረገጥ እንደ እርጎ ይሰምጣል፤ መኪናዋም አትቆምም። ይህን ሥራ ደግሞ አንድ ሰው አይሠራውም፤ አንዱ ከላይ ተቀምጦ ፔዳል ይረግጣል፣ ሌላው ከስር ተኝቶ የአየር ማውጫዋን ቡሎን ይፈታል፣ ያጠብቃል። ድሮ የሚረግጠው እግር የሷ ነበር። ባለፈው ሳምንት ብቻዋን ሞክራ አቅቷት፣ ይደር እያለች እስከዛሬ አቆይታዋለች።

ከመኪናዋ ስር ወጥታ እጇን በጨርቅ ጠረገችና እሱባለው ጋ ደወለች። እሱባለው የኮሌጅ መምህር ነው፤ ከደብረ ታቦር መጥቶ የፊተኛዋን ክፍል ሁለት ዓመት ተከራይቶባት፣ ሚስቱና ልጆቹ ሲመጡ ሰፋ ያለ ቤት ፍለጋ ለቆ የሄደ። እዚህ ሳለ ማታ ማታ ከመኪናዋ አጠገብ ቆሞ ኮፈኗን ይዳብስ ነበር። ከለቅሶው በኋላም መጥቶ «እማማ ለጢፋ፣ ፍሬን ቢኖራት ዛሬውኑ እገዛት ነበር። ልጆች የምጭንባት ሆኖ ነው እንጂ» ብሏት ነበር።

«መምህር፣ ዛሬ ፍሬን ይኖራታል» አለችው።

«ዛሬ? የቅዳሜ ክፍል አለብኝ፤ ዘጠኝ ሰዓት ነው የምወጣው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ይምጡ። እንዳይዘገዩ ብቻ።»

ስልኩን ስትዘጋ ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። መኪናዋን ይዛ ማስቀረት እንደማትችል ገብቷታል። በእግሯ ትሂድ፤ ተቆራርጣ በጋሪ አትውጣ። የምትለው ይህን ብቻ ነበር።

ጎረቤቷን ማሂራን በአጥሩ በኩል ስትጠራት፣ ማሂራ በርበሬ እያሰጣች ነበር። «አንድ ሰዓት ብቻ፣ እግርሽን አውሺኝ» አለቻት ለጢፋ። ማሂራ እጇን እያራገፈች በቆርቆሮው ክፍተት መኪናዋን አየችና «አዑዙ ቢላህ! የሙት ወንበር ላይ እኔ አልቀመጥም» አለች። ወዲያው የተናገረችው ቆጭቷት «ልጄ ከገበያ ስትመለስ እልክልሻለሁ» ብላ ጨመረች። ልጅቷ አልመጣችም። ለጢፋ የመጥረጊያ እንጨት አመጣች። አንዱን ጫፍ ወንበሩ ላይ፣ ሌላውን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ገፍታ ወተፈችውና ሮጣ ከስር ገባች። ቡሎኑን ስትፈታ ዘይቱ ፉት ብሎ ወጣ፣ ፔዳሉ ወረደ፣ እንጨቱም ተፈናጥሮ ወደቀ። ሳታጠብቀው ፔዳሉ ስለተመለሰ ያስወጣችውን አየር መልሶ ሳበው። ደገመች፤ ያው ሆነ። በአምስተኛው እንጨቱ ሲወድቅ በጀርባዋ ከተኛችበት አልተነሳችም። ከላይዋ የመኪናዋ ሆድ አለ፣ ጥቁርና ቀዝቃዛ። እሱ ከሞተ ወዲህ ብዙ ነገር ብቻዋን አድርጋለች፤ ብቻዋን በልታለች፣ ብቻዋን ታማ ብቻዋን ድናለች። ፔዳል የሚረግጥላት አንድ እግር ያጣች ቀን ግን እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወርዶ ሻሿ ውስጥ ገባ።

በሩ ሲጢጥ አለ። ማሂራ ልጅቷን የላከች መስሏት ከመነሳቷ በፊት «ያ ረቢ!» የሚል የሴት ድምፅ ሰማች፤ ቀጥሎም መሬት ላይ የወደቀ የዘንቢል ድምፅ። ለጢፋ የለበሰችው የአብዱልሃዲን ቱታ ነው፤ እግሯም ላይ ያለው የሱ ጫማ ነው። ከመኪናዋ ስር ወጥቶ የሚታየው የሟቹ ቱታና ጫማ ብቻ ነበር። ተንፏቃ ወጥታ ቀና ስትል ሶረቲ በሩ ላይ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆማለች። አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ቀጭን፣ ጥቁር ጅልባብ የለበሰች፣ ከሚኒባሱ የመጣ አቧራ ቅንድቧ ላይ ያለ።

«እርስዎ ነዎት» አለች ሶረቲ በመጨረሻ።

«እኔ ነኝ። ግቢ።»

መቀመጫ ዱካ አወጣችላት፣ ውሃ ሰጠቻት። ከዘንቢሉ የተበተነውን ብርቱካን ሁለቱም ጎንበስ ብለው ለቀሙ፤ አንዱ ላይ እጃቸው ሲገናኝ ሁለቱም ተዉት። አጋሮ ዘንቧል ወይ? ትንሽ አካፍቷል። መንገዱስ? እሱማ ያው ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ሦስት ሰው በአንድ ወንበር። ታሪፉ ደግሞ ተጨምሯል። አላህ ያቅልለው። ሶረቲ የግቢውን ነገር ሁሉ ሳትፈልግ እያየች ነበር፤ የልብስ ገመዱን፣ የጓቫ ዛፉን፣ በረንዳው ላይ ያለውን የእንጨት አልጋ። ለጢፋም እያየች መሆኗን አየች። ይህች ሴት በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ስለዚህ ግቢ ስንት ጊዜ ሰምታ ይሆን? ስለ አልጋው ምን ተነግሯት ይሆን? ከመጠየቅ መሥራት ይቀላልና ተነስታ እንጨቱን እንደገና ወተፈች። ከስር ገባች፣ ፈታች። እንጨቱ ወደቀ።

የመኪናዋ በር ሲከፈት ሰማች። ወንበሩ ተጫነ፤ ባሌስትራው ጠቅ አለ።

«አዴ ለጢፋ» አለች ሶረቲ ከላይ። «ሦስቴ ረግጬ በአራተኛው እይዛለሁ። አጠብቄያለሁ ካላሉኝ አልለቅም። እንደዚያ ነው አይደል?»

ለጢፋ መፍቻውን እንደያዘች ቀረች። እንዴት አወቀች ብላ መጠየቅ አያስፈልጋትም ነበር። አጋሮም መኪናዋ ትበላሻለች፤ አጋሮም ግቢ አለ፣ እዚያም ከስር የሚተኛ ሰው ነበር። ባሏ አጋሮ የሚያድርባቸውን ሐሙስና ጁምዓን ለሶረቲ ትታለች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ባዶ አልጋውን ለምዳዋለች፣ የሰዎችን አይቶ እንዳላየ መሆን ለምዳዋለች። ይህ ግን የሷ ነው ብላ ነበር የምታስበው። እሱ ከስር፣ እሷ ከላይ፣ ሳይተያዩ የሚነጋገሩት ነገር። ሌላ ጊዜ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር፤ ከመኪና ስር ሲተኛ ነው አፉ የሚፈታው። ወንድሙ እንደካደው የነገራት እንደዚያ ተኝቶ ነው። ሶረቲን እንዳገባም የነገራት እንደዚያው ነው፤ «ያዢ» ካለ በኋላ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ተጭኖ ሳለ፣ መነሳት በማትችልበት ሰዓት።

«አዎ» አለች ለጢፋ። «እንደዚያ ነው። ርገጪ።»

ፔዳሉ ሦስቴ ተነፈሰ። «ቀቤራ» አለች ሶረቲ፤ ይዣለሁ ማለቷ ነው። ለጢፋ ፈታች። ቡሎኑ ላይ በሰካችው ቀጭን ላስቲክ ወደ ውሃ ጠርሙስ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ወረደ። አጠበቀች። «ልቀቂ።» ሌላ ቃል ሳይለዋወጡ ይህንን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ደጋገሙት። አረፋው ቀስ በቀስ ሳስቶ ዘይቱ ጥርት ብሎ መውረድ ሲጀምር ወደ ሁለተኛው የጎማ ቦታ ዞሩ። የጁምዓ ልብሷ ቢሆንም ሶረቲ ኮፈኑን አንስታ የዘይቱን ዕቃ ራሷ ሞላች፤ እንዳይጎድል እንደሚጠበቅ ታውቃለች።

ሦስተኛው የጎማ ቦታ ላይ ነው ሶረቲ ሳትጠየቅ የተናገረችው። «መኪናዋ ስትድን አመጣሻለሁ ብሎኝ ነበር። ለጢፋ በር ላይ አወርድሻለሁ፣ ተያዩ፣ ከዚህ በኋላ እኔ በሁለት ቤት መሀል አልንከራተትም፣ አለኝ። ለዚያ ነው የሚሠራት ብዬ ሳምንቱን ስቆጥር ነበር። ይኸው፣ በሚኒባስ መጣሁ።»

«ለኔ አሰንዳቦ ነበር ያለኝ» አለች ለጢፋ። «እህቴ ጋ። ጉልበቷ ከታመመ ወዲህ አላየኋትም። እሷን ዓይተሽ እስክትጠግቢ ሦስት ቀን እናድራለን ብሎኝ ነበር።»

«ታዲያ የቱ ነው እውነቱ?»

«እኔ እንጃ። ሁለቱም ይሆናል።» መፍቻው ላይ ያለው እጇ ላላ። «ወይ ደግሞ ለያንዳንዳችን የምንፈልገውን ነው የነገረን።»

ሶረቲ ከላይ ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተቆርጦ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ። ለጢፋ አልሳቀችም። ያዢ አለች። ሶረቲ ያዘች።

ከዙህር ሶላት በኋላ አራቱንም ጎማ ገጠሙ። መኪናዋን በክሪክ እያነሱ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ አወጡ። ሚሌቼንቶዋ በአሥራ አንድ ወሯ መሬት ስትረግጥ የታደሰው ባሌስትራ ረገብ ብሎ ተሸከማት። ብርቱካን ልጠው ቆመው በሉ። ለጢፋ ከኋላ ገፋች፤ ግቢው ወደ በሩ ዘቅዛቃ ነውና መኪናዋ ተንከባለለች፤ በሩ ሦስት ክንድ ሲቀረው ሶረቲ ረገጠች። ቀጥ አለች። ሶረቲ በመስኮቱ ብቅ ብላ «ጋሪዳ፣ ጥሩ ናት!» ብላ ጮኸች፤ ጥርሷ ሁሉ ታየ። ለጢፋ ያን ጊዜ አብዱልሃዲ ይህችን ሴት ለምን እንደወደዳት ገባት፤ መግባቱ ግን ደስ አላሰኛትም።

እሱባለው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክፍሉ እንዳለቀ በባጃጅ መጣ፤ ትከሻው ላይ ጠመኔ አለ፣ የተሞላ ባትሪም ተከራይቶ ይዟል። ባትሪው ሲገባ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ በሦስተኛው ተነሳ። ከግቢው እስከ ታች ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ሁለት ጊዜ ወርዶ ወጣ። ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ «እማማ፣ ማን ነው የሠራላችሁ?» አለ። ለጢፋ በቱታዋ ቆማ የጠቆሩ እጆቿን በጨርቅ ጠረገች። እያያት ቀስ ብሎ ገባው፤ ወርዶ በሁለት እጁ እጇን ጨበጠ፣ የሱም እጅ ጠቆረ።

ኡመይር ከሸኩር ጋር ሲደርስ ትልቁ በር ሁለቱም ክንፉ ተከፍቶ፣ መኪናዋ በራሷ ድምፅ እያንጎራጎረች ነበር የጠበቀችው። ሸኩር የብረት መቁረጫውን ከባጃጅ እንዳወረደ ቆመ። ተንበርክኮ ከስር አየና «እኔ ብረት ነው የምገዛው፣ ኡመይር። ይሄ መኪና ነው» ብሎ መቁረጫውን መልሶ ጫነ። ሲሄድም በኡመይር ላይ ብዙ አልተቆጣም፤ የባጃጁን ክፈል ብቻ አለው።

«እማ፣ ምንድነው ይሄ ሁሉ?» አለ ኡመይር። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጠዋት ስትደውል ከስሯ ነበርኩ።»

ኡመይር ሶረቲን አየ፣ ከዚያ መሬት አየ። «ላንቺው ብዬ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ክፍሉን ልጀምር ብዬ…»

«ለኔ መሆኑን አውቃለሁ። ለኔ የሆነ ነገር ግን ለኔ ይነገራል።»

ከዚያ በኋላ እናትና ልጅ አልተያዩም። እሱባለው ሸኩር ሊከፍል የነበረውን፣ ጥቂትም ጨምሮ፣ እንደሚሰጥ ተናገረ። ኡመይር ያመጣው የሽያጭ ወረቀት ኮፈኗ ላይ ተዘርግቶ የገዢው ስም ተሰረዘና ሌላ ተጻፈ። ኡመይር ፈረመ። ሶረቲ ፊደል በፊደል እየተጠነቀቀች ስሟን ጻፈች። ብዕሩ ለጢፋ ጋ ሲደርስ ጣቶቿ በፍሬን ዘይት ስለተለወሱ አልያዝ አላት፤ ሶረቲ በጅልባቧ ጫፍ ጠረገችላት።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የአጋሮ የመጨረሻ ሚኒባስ ሊያመልጣት ነው ብላ ሶረቲ ዘንቢሏን አነሳች። «በመናኸሪያ በኩል ነው የማልፈው፤ አደርስዎታለሁ» አላት እሱባለው። ሶረቲ አልገባችም። ዞራ ለጢፋን አየቻት፣ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው። የፊት በሩ ትንሽ ቀና ካልተደረገ አይከፈትም፤ ለጢፋ ሄዳ ቀና አድርጋ ከፈተችላት። «ግቢ፣ አመለጠሽ» አለች። ሶረቲ ተቀመጠች፣ ጅልባቧን ሰበሰበች፣ በመስኮቱ እጇን አውጥታ የለጢፋን እጅ ያዘች። «ለአረፋ ኮቱ፣ ይምጡ፣ አዴ። አጋሮ።» ለጢፋ «ኢንሻ አላህ» አለች። በሩን ዘጋችባት፣ በመዳፏም መታ መታ አደረገችው።

ሚሌቼንቶዋ ከግቢው ወጥታ ቁልቁል ወረደች። ለጢፋ ሁለቱ የበር ክንፎች መሀል ቆማ አየቻት። የሶረቲ ራስ በኋላ መስታወቱ ይታያል፤ ድሮ ለጢፋ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ ነው። ድልድዩ ጋ ፍየሎች መንገዱን ሞልተው ሲሻገሩ ትንፋሿን ያዘች። የፍሬኑ ቀይ መብራት በራ፤ አንዱ ብቻ፣ ሌላው ድሮም አይሠራም። መኪናዋ ሳትንሸራተት ቀጥ ብላ ቆመች፤ ፍየሎቹ አለፉ፣ መብራቱ ጠፋ፣ ኩርባው ዋጣት። ሞተሩ ዋናው መንገድ እስኪደርስ ድረስ ይሰማ ነበር፤ ከዚያ ከባጃጆቹ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ።

ኡመይር አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ከኋላቸው መኪናዋ የቆመችበት መሬት ሣር ያልበቀለበት፣ ደረቅና አራት ማዕዘን ሆኖ ተጋልጧል።

«አብረሻቸው መናኸሪያ ደርሰሽ ትመለሺ ነበር እኮ፣ እማ» አለ። «የኋላው ወንበር ባዶ ነው።»

«ማን ነይ አለኝ?» አለች ለጢፋ።

ክንፎቹን አንድ በአንድ ገፍታ አገናኘቻቸው። የላይኛውን መቀርቀሪያ ኡመይር ዘጋላት፤ የታችኛውን ራሷ ጎንበስ ብላ ዘጋችው።